የመሀለኛው ቤት ገቢ

እና ጨምሯል፣ ኮምፒውተሩ ጨምሯል ነው የሚለው፣ ሦስት የቤት ለቤት ጥናት ዙር ሙሉ መሬት ለመሬት ሲድህ የኖረ መስመር ዘንድሮ ብድግ ብሏል፣ አለቃዬ አቶ መሳይ በበሩ ሲያልፍ አውራ ጣቱን አሳየኝ፣ ደስ ብሎታል፣ ለምን አይለው፣ የወረዳው ቤተሰብ መሀለኛ ገቢ ከድህነት ወለል በላይ ወጣ ብሎ ሪፖርቱን ዛሬ ሊልክ ነው፣ ሲላክ ምን ይሆናል፣ ወረዳው ራሱን ችሏል ይባላል፣ የተማሪዎቹ ምገባ ይቆማል፣ ከጎባ በላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ከገብስ በቀር በማይበቅልበት፣ ልጆቹ በባዶ ሆዳቸው ይማራሉ፣ ወይም አይማሩም። ውሸት ነው። ቁጥሩ ውሸት ነው፣ እኔ ዙሀይራ አውቃለሁ፣ ባላውቅ ምናለበት።

አማካይ ቢሆን ኖሮ እሺ፣ አንድ ባለ ኮምባይነር ነው ያዛባው ብዬ እገላገል ነበር፣ ግን መሀለኛ ነው፣ ቤቶቹን ከድሃው እስከ ሀብታሙ ታሰልፊና መሀል ላይ የቆመውን ስንት ታገኛለህ ትዪዋለሽ፣ ሀብታሙ ቢያብጥ ቢፈነዳ እሱ ንቅንቅ አይልም፣ የሚነቃነቀው የመሀሎቹ ሰዎች ሲዋሹ ነው፣ ብዙ ሆነው። ወደ ላይ። ገበሬ ደግሞ ወደ ላይ አይዋሽም እኮ፣ ግብር መጣ ብሎ ላሙን ጫካ ይደብቃል እንጂ፣ ያለፉት ዙሮች በክረምት ነበሩ፣ ጎተራ ሲራገፍ፣ ዘንድሮ በጀት ዘገየና መረጃ ሰብሳቢዎቻችን የወጡት እህል ከገባ በኋላ፣ ልክ በሽምግልናው ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ልጁን ሊድር ቤቱን ጠርጎ፣ ቤቱን ሊያዩ የመጡ የልጅቷ ዘመዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ፣ በዚህ መሀል የእኛ ሰው ከች ይላል፣ አባወራ፣ የዓመት ገቢዎ ስንት ነው።

ምን ይበሉ? ኦቦ ዘይነዲን ምን ይበሉ፣ የለሚ አባት፣ የማገባው ልጅ አባት፣ ያሳደገኝ አጎቴ ሳላሕዲን ቤታቸውን ሊያይ ሄዶ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ነበር፣ ሦስት መቶ ሺህ አሉ፣ አፋቸውን ሞልተው። አጎቴ እየበረረ ነው የተመለሰው፣ ለመንግሥት እንኳ አልደበቁም፣ ወላሂ የእኔ ልጅ የሚገባት እንዲህ ያለ ቤት ነው፣ ለሮቤ ስንዴ ነጋዴ ሊሰጠኝ የነበረ ሰውዬ በዚያው ቀን ዱዓ አስደርጎ ለለሚ ቃል ሰጠ። ሦስት መቶ! ለሚ ነግሮኛል እኮ፣ እያፈረ፣ ዘጠናም አትሞላ፣ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ የጎረቤት ነው፣ ለዚያን ቀን ተጎትቶ የመጣ። በሳቅ ሞትኩ። ሞኝ። ለካ በዚህ መስመር ላይ ነበር የምስቀው።

እንደገና ይሰበሰብ አልኩት ጠዋት፣ ወቅቱ ተዛብቷል አቶ መሳይ፣ ዙሀይራ ወቅት ወቅት አትበይኝ አለኝ፣ ዋሸ የምትይውን አንድ ቤት አምጪ፣ አንድ፣ ያኔ አስቆመዋለሁ። ሌላው ሁሉ ጥርጣሬ ነው፣ እርግጠኛ ሆኜ የማውቀው አንድ ቤት ነው፣ እሱም የምገባበት። ብናገር ሰው ይላካል፣ ጎተራው ይታያል፣ ወሬው ከሰውየው ቀድሞ ጎባ አጎቴ ጋ ይገባል፣ ጋብቻውን ያፈርሰዋል፣ ኦቦ ዘይነዲን በሰው ፊት ውሸታም ይባላሉ፣ ለሚ አባቴን ሸጥሽው ይለኛል፣ ሐቁን ነው። ዝም ብልስ? ዝም ብል አገባለሁ፣ ለሚን አገባለሁ፣ ያ ረቢ እንዴት እንደምወደው፣ እና የሰው ልጅ ጦሙን ያድራል።

ለኦቦ ዘይነዲን ልደውልላቸው፣ ራሳቸው ካስተካከሉት እኔ አልተናገርኩም፣ እየጠራ ነው፣ አካም ጅርታ ኢንተለ ኮ፣ እንደምን አለሽ ልጄ ማለታቸው ነው፣ አልሐምዱሊላህ አባ፣ እርስዎስ፣ ያቺ የዓመት ገቢ፣ ለጠያቂው የነገሩት፣ ምናልባት ስህተት ካለ ብዬ ነው፣ ከጎን ሳል ተሰማ፣ የአጎቴ ሳል፣ አብረው ናቸው፣ ስለ ሠርጉ እያወሩ ነው፣ ወይኔ፣ አዎ ልጄ ስህተት አለ፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ የማሩን ረስቼዋለሁ፣ አራት መቶ አድርጊው። ማሻአላህ፣ ይላል አጎቴ።

መቶ ሺህ ጨመሩልኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ እኮ ይቀለኝ ነበር፣ ልጃቸው እንዳያጣኝ ነው፣ ስለሚወዱኝ ነው፣ በየቤቱ ሰው እንዲህ ለልጁ ሲል እየዋሸ ነው መስመሩን ያነሳው፣ ማንን ልቆጣ፣ ማንን። በሩ ተከፈተ፣ አቶ መሳይ ነው። ልልከው ነው፣ አገኘሽ ቤት? ብድግ ብያለሁ፣ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም፣ አዎ፣ የማን? የማን ነው ዙሀይራ? የአማቴ፣ እላለሁ፣ በዚህ ስም ጮክ ብዬ ስጠራቸው የመጀመሪያዬ ነው፣ የመጨረሻዬም።