ምክንያቱ የማይጻፍ ደብዳቤ

ልብስ ሰፊዋ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ከተኳረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ሰበቡ ምላሷ ነው፤ የወንድሟን ሙሽራ ቀሚስ ስትለካ «ከቀሚሱ ምላሷ ይረዝማል» ብላ ሚስቱን አስቀየመቻት። የወንድሟ ጉበት አለቀለት ሲባል ግን ማንም ሳይጠራት ሄዳ ክንዷን ለመርፌ ሰጠች። ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደሟ የገጠመው እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ለባዶ ቤቷ «ግማሽ ጉበቴን እኮ ልሰጠው ነው» ስትል ሰነበተች።

ሐኪሙ ምስሉን አሳያት። «ወደ ጉበት ደም የሚወስደው ቧንቧ በብዙ ሰው ላይ በሕክምና መጽሐፍ ከተሣለው ይለያል፤ አብዛኛውን እንደ አመጣጡ እንችለዋለን። ያንቺ ግን አስቸጋሪ ነው። ላንቺ የሚቀረውን ክፍል የሚመግበው ቅርንጫፍ የሚነሳው ለወንድምሽ ከምንቆርጠው ከቀኙ ቧንቧ ነው። ያንን ከወሰድን ያንቺው ያለ ደም ይቀራል።»

«አዙራችሁ ስፉታ። እኔ ስንቱን ጉድ አዙሬ ሰፍቻለሁ።»

«ጨርቅ ደም አይጠማውም፣ እህቴ። ይሄ ደግሞ ከክርሽ አይወፍርም፤ ቢዘጋ አንቺን እናጣለን።»

«እንግዲያው ይህንኑ ጻፉልኝና ለቤተሰቤ ላሳይ።»

«‹ለመስጠት አትመችም› ከማለት በቀር ምክንያት አንጽፍም። ፈርቶ ለሚመለሰውም የምንጽፈው ይህንኑ ነው፣ ቤተሰቡ እንዳይጠላው። ላንቺ ምክንያቱን ጽፈን ለፈራው ብንተወው አጋለጥነው ማለት ነው።»

«ታዲያ እኔ ከፈሪ ልቆጠር?»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። «አንቺው ንገሪያቸው።»

ነገረቻቸው። ከወንድሟ አልጋ አጠገብ ቆማ ቧንቧውን በጣቷ አየር ላይ እየሣለች አስረዳች። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ደንቡን ታውቀዋለች። አንሶላውን እያስተካከለች፣ በለስላሳ ድምፅ «እኛም ሆስፒታል እንዲሁ ነው የሚባለው» አለች። ስድብ ቢሆን ልብስ ሰፊዋ መልስ አታጣም ነበር።

ወንድሟ ቢጫ ዓይኑን ገለጠ። «ተይው፣ እህት ዓለም። ሆድን ማስቀደድ ቀላል ነው እንዴ? እኔም ብሆን እፈራ ነበር። አልተቀየምኩሽም።»

እህት ዓለም ካላት አራት ዓመቱ። «አልፈራሁም» የሚለው ቃል ጥርሷ ድረስ መጣ። ብትምል እሱ እሺ ይላታል፣ ሚስቱ ዝም ትላለች፣ ማንም አያምናትም። እጁን ዘረጋላት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፣ ላላጠፋችው ጥፋት ይቅርታውን ተቀብላ።

እጁ ትኩስና ደረቅ ነበር። እስኪያንቀላፋ ድረስ ቆማ ይዛው ቆየች፤ ወንበር ያቀረበላት የለም።