ማን ሞቶባችሁ ነው?

አስቴር «ያለዚህ አልሄድም» ብላ ቁርጧን ነገረቻቸው። ለወንጌል የሚወጡት ልጆች ሁሉ ጥቁር ይልበሱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው መልሰው ይልበሱ። መንገድ ላይ «ወዴት ናችሁ?» የሚል ሰው ቢኖር መልሱ አንድ ነው፤ ለቅሶ።

የቡድኑ መሪ በፍቃዱ፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልሞላ ልጅ፣ መካኒሳ ባለችው ጠባብ ሳሎኗ ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን አከከ።

«እማማ አስቴር፣ እኛ እኮ ጌታን ልንመሰክር ነው የምንሄደው። በውሸት ጀምረን...»

«ምን ውሸት አለው? ለቅሶ የሌለበት አገር የት አለ? የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ሞቶ ይሆናል።»

ሄርሜላ ከጓዳ ሆና ሳቋን ለቀቀችው። የአስቴር የልጅ ልጅ ናት፤ እናቷ ወልዳት በዓመቷ ስላረፈች በአያቷ እጅ ነው ያደገችው። «እማዬ ደግሞ! በቃ ሬሳም ይዘን እንሂዳ!»

«አፍሽን ያዢ! ሟርተኛ!» አለች አስቴር፤ ወዲያው ደግሞ በልቧ «በኢየሱስ ስም» ብላ ቃሉን ሰረዘችው።

በቤተ ክርስቲያናቸው ያላገቡ ሴቶች ያሉበት ቡድን ያለ አንድ እናት አይወጣም። እናትየዋ ታበስላለች፣ ልጃገረዶቹ አጠገብ ታድራለች፣ የታመመ ካለ ታስታምማለች። ዘንድሮ ልትሄድ የነበረችው ሴት ታመመች፤ ሌላም አልተገኘ። አስቴር አልሄድም ካለች ጉዞው ቀረ ማለት ነው። ሄርሜላ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ስትጸልይበት የከረመችው ስለዚሁ ጉዞ ነው። ከፉሪ ወዲያ፣ ገጠር ውስጥ፣ አንዲት የቆርቆሮ ጸሎት ቤት አለች፤ እዚያ ያሉት ጥቂት አማኞች «መጥታችሁ አበርቱን» ብለው ልከዋል። በፍቃዱ ይሄን ሁሉ አወጣ አወረደና «እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ» አለ። ፊቱ ግን እሺ አላለም።

ሰው መቼም ከነፍርሃቱ አይወለድም። አስቴር ገና ሙሽራ ሳለች፣ በደርግ ጊዜ፣ ባሏ ላቀው በሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተያዘ። ውስጥ እግሩን ገረፉት። ሲለቁት ግድግዳ ተደግፎ ነው ቤቱ የገባው፤ ከዚያ ወዲያ ደህና ሆኖ አያውቅም። ሲሞት ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። «ምን አግኝቶት ነው?» ሲሏት «ኩላሊት» አለች። ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፤ እሷ ግን እንባዋን ዋጠችው። ሐዘን አፍ ያስከፍታል፣ አፍ ከተከፈተ ደግሞ ለምን እንደሞተ ይወጣል ብላ ፈራች።

ጊዜው ተለወጠ። ደርግም ሄደ፤ በመካኒሳ በየመንደሩ የጸሎት ቤት ድምፅ ማጉያ ይጮህ ጀመር። የአስቴር ፍርሃት ግን ይሄን ሁሉ አልሰማም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። እሁድ እሁድ ስትወጣ መጽሐፍ ቅዱሷን እስካሁን በፌስታል ጠቅልላ ነው የምትይዘው፤ ከገበያ የመጣ እንዲመስል ላዩ ላይ ጎመን ጣል ታደርግበታለች። ታክሲ ውስጥ «እናቴ፣ ከየት ነው?» ያላት ሰው ካለ «ከዘመድ ቤት» ነው መልሷ። ሄርሜላንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያስጠናቻት ይሄንኑ ነው። «ሃይማኖትሽን ሲጠይቁሽ ክርስቲያን ነኝ በይና ዝም በይ። ከዚያ ወዲያ ያለው ለማን ይጠቅማል?»

የመሄጃቸው ዕለት ማለዳ ጭጋግ ነበር። የላፍቶ ኮንዶሚኒየሞች ከወገባቸው በላይ አይታዩም። ሚኒባሱን በኮንትራት የሚነዳው ዳኜ ልጆቹን በጥቁር በጥቁር ሲያያቸው ወርዶ ቆቡን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር። ምነው ስትቀጥሩኝ አልነገራችሁኝም?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አስቴር ብቻ «ተወው ልጄ፣ ንዳ» አለችው። ጊታሩን ራሷ በጋቢ ጠቅልላ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝታዋለች። ስፒከሩ ከድንች ጆንያው ሥር ነው። ልጆቹ ሌላ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምረው እየዘመሩ ነበር የሚሄዱት፤ ዛሬ የሚሰማው የዳኜ መኪና የመስታወት መጥረጊያ ብቻ ነው።

ፉሪ መዳረሻ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ሰሞኑን ዘራፊ በዛ ተብሎ የሰፈሩ ጥበቃዎች ሌሊቱን ሙሉ እሳት አንድደው ያድራሉ፤ በማለዳ የሚያልፈውን መኪናም ይጠይቃሉ። አስቴር ገመዱን ስታይ ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳበች። ይኸው! አላልኳችሁም?

«ወዴት ናችሁ?» አለ አንዱ ወጣት፣ ዱላውን ብብቱ ሥር እንደያዘ።

«ለቅሶ» አለች፣ ከሁሉም ቀድማ።

ልጁ አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየ። ጥቁሩን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እግዜር ያጽናችሁ፣ ማዘር» አለና ገመዱን ጣለው።

ልቧ መለስ አለ። አያችሁ ልትላቸው ዞር ስትል ግን አንድም ልጅ ቀና አላለም። ሄርሜላ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ጭጋጉን ታያለች።

ገመዱን እንዳለፉ አንድ ሽማግሌ ከጥበቃዎቹ እሳት አጠገብ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። ዳኜ አቆመ።

«ለቅሶ ነው አሉኝ» አሉ ሽማግሌው በበሩ ብቅ ብለው። «መንገዱ ወደ እኛ አገር ነው። እኔ ያልሰማሁት ለቅሶ ደግሞ የማን ነው? ቆይ፣ ልግባ። የአገሬ ሰው ሞቶ እዚህ እሳት ስሞቅ ልዋል?»

ገቡ። ማን ይከለክላቸዋል? ለለቅሶ የሚሄድ መኪና ለለቃሽ በሩን አይዘጋም። አስቴር ይሄን አላሰበችውም ነበር። ለቅሶ ሲባል ሰው ሁሉ መንገድ እንደሚለቅ አውቃለች፤ ለቅሶ ሲባል ሰው ሁሉ አብሮ እንደሚነሣ ግን ዘነጋችው።

ሽማግሌው ዋቅቶላ እንደሚባሉ ተናግረው አጠገቧ ተቀመጡ። ወደ ኋላ ዞር ሲሉ በጋቢ የተጠቀለለውን አዩ። ምን እንደመሰላቸው እንጃ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይታወቅም።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሉ።

«ባለቤቴ» አለች አስቴር። ከየት እንደመጣባት እሷም አላወቀችም።

«እህ... አንቺ ነሽ ባለ ሐዘኗ? እኔ አፈር ልብላ። ስሙስ?»

«ላቀው።»

«ላቀው... ላቀው...» ዋቅቶላ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈለጉት። «አላውቀውም። ምን አገኘው?»

ኩላሊት ልትል አፏን ከፈተች። ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገላት ቃል ነው። ዛሬ ግን እኚህ ሰው፣ የማያውቁትን ሰው ሊያለቅሱ እሳታቸውን ትተው የተነሡ ሰው፣ ፊት ለፊቷ ሆነው እያዩዋት አልወጣላትም።

«ገረፉት» አለች።

ሄርሜላ ከመስኮቱ ዞረች። ይሄን ሰምታ አታውቅም።

«ዋ! ሰርቆ ነው?»

«ላቀው? ላቀው የሰው ነገር በዓይኑ አያይም!»

«ታዲያ በምን ጥፋቱ?»

አስቴር የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ሚኒባሱ ጉድጓድ ገብቶ ዘለለ፤ የኋላው ጥቅልል ተንሸራቶ ወደቀና ድንንን ብሎ ጮኸ። የጊታሩ ድምፅ ወለሉ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ነው የጠፋው።

ዋቅቶላ ቀስ ብለው ዞሩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

በፍቃዱ ዓይኑን ጨፈነ። አስቴር የልጆቹ ዕቃ ነው ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። እንኳን ይሄን፣ ስንቱን አልፋው የለ! ግን ሄርሜላ ቀድማ፣ ሹክ በሚል ድምፅ፣ «እማዬ፣ አባባ ተገርፎ ነው እንዴ የሞተው? ኩላሊት ብለሽኝ?» አለቻት።

ከፊትም ጥያቄ፣ ከጎንም ጥያቄ። መግቢያ አጣች።

«ዳኜ፣ እስቲ አቁምልኝ» አለች። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባቴ፣ ለቅሶ አይደለም የምንሄደው። ባሌ የሞተው ድሮ ነው፣ በደርግ ጊዜ። የገረፉት ጴንጤ ስለሆነ ነው። እኔም ጴንጤ ነኝ። እነዚህም ናቸው። ወንጌል ልንናገር ነው የምንሄደው። ለቅሶ ያልኩት ፈርቼ ነው።»

ወጣ። አስቴር ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች፤ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው። የመጣ ነገር የለም። ጭጋጉ እዚያው ነው፣ ሞተሩ ይንተከተካል።

«ጴንጤ ነሽ ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ?» አሉ ዋቅቶላ።

«አልጠየቁኝም።»

«እኔ የጠየቅሁሽ ማን ሞተ ብዬ ነው።» ምርኩዛቸውን አነሡ። «ልጄን የቀበርኩት በሰኔ ነው። የማላውቀው ሰው ከየት ከየት መጥቶ አለቀሰልኝ። ከዚያ ወዲህ የለቃሽ መኪና ሳይ እግሬ አያስቀምጠኝም። አንቺ በዚህ ትጫወቻለሽ?»

በሩን ከፍተው ወረዱና በመጡበት መንገድ ጭቃውን እየረገጡ ተመለሱ።

ዳኜ መሪውን በጥፊ መታው። «እኔስ? ቆቤን ያወለቅሁት ለጊታር ነው?»

«ይቅር በለን» አለ በፍቃዱ። ከዚያ ወደ አስቴር ሳያይ፣ «አልፈናል እኮ አሁን። እንጸልይና እንቀጥል፤ ሰዎቹ እየጠበቁን ነው» አለ።

እውነቱን ነው፤ ገመዱ ከኋላቸው ቀርቷል። መንገዱ ክፍት ነው። አስቴር ግን ወርዳ ነበር። ጫማዋ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ሽማግሌውን ተከተለች። ሄርሜላ ሮጣ ክንዷን ያዘቻት።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ለጥበቃዎቹም ልንገራቸው። እሳቸው ከሚነግሩልኝ እኔ ልናገር።»

ገመዱ ጋ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ያንኑ ደገመችው፤ አሁን ቃሉ ትንሽ ቀለላት። ጴንጤ ነኝ፣ ለቅሶ የለብኝም፣ ዋሸኋችሁ። ጥበቃዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ሳቁ አመለጠው።

«ማዘር ሙት! ይሄን ላለማለት ነው ሰው የገደልሽው? የእኔም እናት እኮ ጴንጤ ናት። ሲነጋ ጀምራ ስትዘምር ማን አስተኝቶኝ!»

ዱላ የያዘው ግን አልሳቀም። «ዛሬ አታልፉም» አለ። «ጴንጤ ስለሆናችሁ አይደለም። ዋሽቶ ያለፈ መኪና ዝም ካልን፣ ነገ እውነተኛ ለቃሽ ሲመጣ በምን እናምነዋለን? መኪናውን መልሱት።»

አስቴር የተሰበረችው እዚህ ላይ ነው። ቢሰድቧት ትችለው ነበር፤ ለስድብ ስትዘጋጅ ነው የኖረችው። ለሳቅ ግን አልተዘጋጀችም። ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም፤ የላቀው እግር ምስክሯ ነው። ግን ያኔ ያስፈሯት ሰዎች ዛሬ እዚህ ገመድ ላይ የሉም፤ ከሄዱም ስንት ጊዜያቸው! እሷ ብቻ ናት ቤታቸውን ስትጠብቅላቸው የኖረችው። ለአንድ ባሏ እንኳ በወጉ ሳታለቅስለት።

እሳቱ አጠገብ ግንድ ላይ ቁጭ አለችና ያ የታፈነው ሁሉ መጣ። ድምፅ ነበረው። «ላቀው!» አለች ጮክ ብላ፣ «የእኔ ጌታ፣ ኩላሊት አልኩህ!» የሳቀው ልጅ የሚገባበት ጠፍቶት ገመዱን ይጠቀልል ጀመር። ሄርሜላ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ጉልበቷን አቀፈቻት፤ የማታውቀውን አያቷን አብራ አለቀሰችው።

ዋቅቶላ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የተቀመጡት። ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ ሳይዞሩ፣ «ያኔ አላለቀስሽለትም?» አሉ።

«አላለቀስኩም።»

«በይ አልቅሺ። ይሄኛው ውሸት አይደለም።» ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላሉ።

ሚኒባሱ ተመልሶ መጣ። ልጆቹ አኩርፈዋል፤ ሁለት ቀን ያበሰሉት ስንቅ፣ የጾሙት ጾም፣ ሁሉ ከእሷ የተነሣ መቅረቱ ነው። በፍቃዱ ስልኩን ይዞ ወረደ። የሚደውሉት የገጠሯ ጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ዳቦ ደፍተው መንገድ ላይ ወጥተው እየጠበቁ ነው። ምን እንደሚላቸው ጨንቆት ስልኩን እያየ ቆመ።

«አምጣው» አለች አስቴር፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ።

«እማማ፣ ይተዉት፣ መኪና ተበላሸ እላቸዋለሁ...»

«እንዳትል!» ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። ጥበቃዎቹም፣ ዳኜም፣ በጭጋጉ ውስጥ ገበያ የሚወርዱ ሴቶችም ይሰማሉ፤ ድምፅዋን አልቀነሰችም። «ጌታ ይባርክዎ፣ ወንድሜ። አስቴር እባላለሁ፣ ከመካኒሳ፣ የልጆቹ እናት። ዛሬ አንመጣም። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ፤ ጴንጤ መባልን ፈርቼ ለቅሶ ነው ብዬ ዋሽቼ ነው።»

ሰውየው ከወዲያ አንድ ነገር ጠየቋት።

«መቼ ትመጣላችሁ ይላሉ» አለች አስቴር ወደ ዋቅቶላ ጀርባ እያየች። «ምን ልበላቸው?»

ዋቅቶላ አንድ እንጨት አንሥተው እሳቱ ውስጥ ጨመሩ፤ እርጥብ ስለነበረ ጭሱ ብቻ ተነሣ።

«ያሳልፉን እንደሆነ አላውቅም፣ ወንድሜ» አለች በስልኩ። «ነገ ግን እዚሁ ገመድ ድረስ እመጣና እጠይቃቸዋለሁ።»