ለሮም የተሰጠኝ አደራ

አጎቴ ጋሽ ፋሲል ሮም ልሂድ ያለው ሮምን ወዶ አይደለም፤ የቡሬው አራርሳ ዱባይ ደርሶ ስለተመለሰ ነው። ሁለቱም ቡና ነጋዴዎች ናቸው። አንዱ መኪና ሲገዛ ሌላው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ካልገዛ እንቅልፍ አይወስደውም። አራርሳ ከነቤተሰቡ ሰማይ የሚነካ ሕንፃ ሥር የተነሳውን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ መጋዘኑ በር ላይ ሰቀለ። ጋሽ ፋሲል ቡሬ በሄደ ቁጥር ያንን ፎቶ አይቶ ይመለሳል፤ ፊቱ ጠቁሮ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ከነቤተሰቤ ጣሊያን አገር አምስት ቀን እቀመጣለሁ አለ። ጉርሻውን ሳይውጥ ደግሞ፣ ግን በርካሽ፣ አለ።

ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።

በዚያ ቤት «በርካሽ» የተባለ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። እናቴ የጋሽ ፋሲል እህት ነበረች፤ ስትሞት መቱ ከተማ አምጥቶ አሳደገኝ። አባቴ፣ ባጫ፣ ኡካ የምትባል መንደር አካባቢ ገበሬ ነው። ከአሥረኛ ክፍል ያስወጡኝ ሱቃቸውን የሚጠብቅ ሰው ጠፍቶ ነው፤ የእነሱ ልጅ ኑኃሚን ግን ዩኒቨርሲቲ ገባች። እኔ ደግሞ ስኳርና ሳሙና እየሸጥኩ፣ ስልኬን ባንኮኒው ሥር ደብቄ ጣሊያንኛ ተማርኩ። ለምን ጣሊያንኛ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ኑኃሚን ስለማትችለው ነው።

ጋሽ ፋሲል ይህን ያውቅ ነበር። ጉዞውን አንቺ አዘጋጂ፣ አስተርጓሚያችን ሆነሽ አብረሽ ትሄጃለሽ አለኝ፤ በሁሉም ፊት። ሚስቱ እትዬ መንበረ ያን ዕለት ወጡን ሳትጨርስ ተነሳች።

ሥራዬን በደንብ ሠራሁ። ጊዜውን የቡናው ሩጫ ካለቀ በኋላ፣ ሁዳዴ ውስጥ አደረግኩት። ብርድ ስለሆነ ማደሪያ ይረክሳል። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር፤ እትዬ መንበረ ጾም ላይ ሳለች ሥጋ ቤት ገብታ ለፎቶ ብላ ልታዝ አትችልም። ፓስታ በቲማቲም ትበላለች፤ እሱንም እኔ እቀቅላለሁ። ማደሪያውን መሀል ከተማ ሳይሆን የባቡሩ መጨረሻ አካባቢ ያዝኩ፣ ማብሰያ ያለው። ሙዚየሞች በነጻ የሚከፈቱበትን እሑድ ፈልጌ አገኘሁ። ውሃ እንደማንገዛ፣ በየመንገዱ ንጹሕ ቧንቧ እንደሚፈስ ነገርኳቸው። ትኬቱ የመጨረሻው ርካሽ ነበር፤ ለአንድ ሰው አንዲት የጀርባ ቦርሳ ብቻ።

ቡና ቆመን እንጠጣለን ስላቸው ግን ቤቱ ተናጋ።

«ቆሞ የሚጠጣ ከብት ነው» አለች እትዬ መንበረ።

«ተቀምጠው ከጠጡ የወንበሩንም ያስከፍላሉ፣ እትዬ። ከብት ቢሆኑ ይሻልዎታል» አልኳት።

ኑኃሚን ሳቀች፤ እናቷ ስታያት ሳቋን ዋጠች። ለማንኛውም አዲስ አበባ ወርደን፣ ለኤምባሲው የሚመልሱትን ስነግራቸው እየደገሙ አጥንተው፣ የአራታችንም ቪዛ ወጣ። ፓስፖርቴን ትራሴ ሥር አድርጌ የተኛሁባቸው ቀናት ነበሩ። ትኬቱን መክፈል ብቻ ነበር የቀረን።

እትዬ መንበረ ወሬውን ማኅበር ላይ ዘራችው። በማግሥቱ መቱ በሙሉ በራችን ላይ ተሰለፈ። አንዱ ቅቤ፣ አንዱ በርበሬ፣ አንዷ በጄሪካን የሁሩሙ ማር። ሮም የሚኖር ሰው ያለው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው ሚላን፣ ሌላው ከነጭራሹ ጀርመን። አንድ የቡሬ ሰውዬ፣ ልጄ ያለው ጀርመን ነው ሲለኝ፣ አገሩ ሌላ እኮ ነው አልኩት። ጎረቤት አይደል እንዴ፣ አለኝ።

እኛ ዘንድ አደራ መሬት አይቀመጥም። ሰጪው በሁለት እጁ ይዘረጋል፣ ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ ተቀባይም በሁለት እጁ ይዞ «ተቀብያለሁ» ይላል። ያን ቃል ያለ ሰው ያደርሳል፤ ማድረስ ካልቻለ ለባለቤቱ ይመልሳል። ለሌላ አሳልፎ አይሰጥም። እትዬ መንበረ ይህን አታውቅም አይባልም። ግን ነጠላዋ አዲስ ነበር፣ ቅቤውም ይንጠባጠባል። ሳሎን ተቀምጣ፣ «ሲፋን፣ ተቀበያቸው» ትላለች። ቅቤ በአየር ማረፊያ አያሳልፉም ብዬ ልመልስ ስል፣ ቅቤ መመለስ ነውር ነው፣ ዝም ብለሽ ተቀበይ አለችኝ። ተቀበልኩ። ሁሉንም፣ በእኔ እጅ፣ በእኔ አፍ።

ማሩን ያመጣችው አዴ ዲሪቤ ነበረች። ልጇ ገለኔ ሮም ውስጥ ሽማግሌ ትጦራለች፤ ከሄደች ወዲህ አልተያዩም። ጄሪካኑን ከሰጠችኝ በኋላ እጄን አልለቀቀችም።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ በስልክ ደህና ነኝ ትለኛለች። አንቺ ፊቷን አይተሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ተቀብያለሁ አልኳት።

ትኬቱ ሊከፈል ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሽ ፋሲል ራት ላይ ነገሩን አነሳ። ይህን ሁሉ ዕቃ ለመጫን ሻንጣ መጨመር አለብን፤ ሻንጣው ደግሞ የአንድ ሰው ትኬት ያህል ያስወጣል። ስለዚህ፣ አለና ሽሮው ላይ አቀረቀረ። ማንም ወደ እኔ አላየም። ያኔ ነው የገባኝ። ኑኃሚን ቀድማ፣ ስልክ ሁሉን ይተረጉማል አለች። ጋሽ ፋሲልም ያዘጋጀሽውን ለኑኃሚን አስረጂያት፣ አንቺ ለሌላ ጊዜ፣ አለኝ።

ሌላ ጊዜ የሚባለው መቼ ነው፣ ጋሼ፣ ብዬ ጠየቅኩት። የመለሰችልኝ ሚስቱ ናት።

«የባጫ ልጅ ሮም ባትሄድ ኡካ አትፈርስም።»

አላለቀስኩም። ያንን አላደርግላትም።

«አደራውስ?» አልኩ።

እኛ እናደርሰዋለን አሉ።

«ለእናንተ አልተሰጠም።»

ሳቁብኝ። እኔም ሳህኔን አንስቼ አጠብኩ።

በነጋታው ዕቃውን ሁሉ ባጃጅ ላይ ጫንኩ። መጀመሪያ የመቱን መለስኩ፣ ቤት ለቤት። ከዚያ በሚኒባስ ሁሩሙ ሄድኩ፤ ገበያ ቀን ስለነበር ሰዉን አንድ ላይ አገኘሁት። የምለው አንድ ዓይነት ነበር፤ እኔ አልሄድም፣ በእጄ የሰጣችሁኝን ይዤ መቆየት አልችልም፤ እነሱ ይሄዳሉ፣ ከፈለጋችሁ በእጃቸው ስጧቸው። ሐሰት አልጨመርኩም፤ አያስፈልግም ነበር። በእኛ አገር ግማሽ ቃል ከተናገርክ ቀሪውን ሚኒባሱ ቀድሞህ ያደርሰዋል። በእጃቸው ልስጥ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። አንዷ የቅቤ ባለቤት፣ መንበረ መቼ እጇን ዘርግታልኝ ታውቃለች፣ ብላ ቅሏን ነጠቀችኝ። አዴ ዲሪቤ ግን ማሩን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ገበያው መሀል ጄሪካኑን አቅፋ ቆማ ነው የተውኳት። የቀኑ ክፉ ነገር እሱ ነበር።

በማግሥቱ ቡሬ ወረድኩ። ልጁ ጀርመን ያለውን ሰውዬ ዕቃ ስመልስ አራርሳ ከመጋዘኑ ወጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከፎቶው ሥር ቆሞ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ጋሽ ፋሲል ጋ ደወለ።

«ፋሲል፣ ለልጅቷ ትኬት ካጠረህ ልሙላልህ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል» አለው።

ጋሽ ፋሲል ስልኩን ዘጋበት።

ቤት ስደርስ ጋሽ ፋሲል በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«አዋረድሽኝ» አለ።

«አደራ ነው የመለስኩት፣ ጋሼ። ውርደቱን ማን እንዳመጣው እርስዎ ያውቃሉ።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። እጁም ተነስቶ ነበር፤ ግን ጎረቤት በአጥሩ ላይ ያይ ስለነበር ጢሙን ዳሰሰበት። የሚጫን ዕቃ የለም፤ ሻንጣ የሚሉት ሰበብም አብሮ ሄዷል። አራት ትኬት ቁረጪ፣ ከእንግዲህ አንድም ዕቃ እንዳትቀበይ፣ አለና ገባ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላመሰገንኩትም። እትዬ መንበረ እስከ ጉዞው ቀን አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ በኑኃሚን በኩል፣ ያቺ ልጅ ጨው ታቀብለኝ፣ ትላለች። ኑኃሚንም አውሮፕላን ላይ አጠገቤ እንደማትቀመጥ አስታወቀች። ርካሽ ትኬት መቀመጫ አያስመርጥም፤ አውሮፕላኑ አራታችንንም በአራት ማዕዘን በተነን። ትኬቱ መርከሱ ያን ጊዜ ለእኔም ጠቀመኝ።

የሄድን ቀን ጎህ ሲቀድ በጋሽ ፋሲል መኪና ተነሳን። ሁሩሙ ስንደርስ አዴ ዲሪቤ አስፋልቱ ዳር ቆማለች። መሄዴን ደውዬ ነግሬያት ነበር፤ አየር ማረፊያ ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚያሳልፉም ጭምር። እትዬ መንበረ አታቁም አለችው። ጋሽ ፋሲል ግን መንገዱ ዳር ቆሞ የሚያየውን ሰው ሁሉ አየና ፍሬን ያዘ።

ወረድኩ። አዴ ዲሪቤ በሁለት እጇ የታጠፈ ነጠላ ዘረጋችልኝ። መሀሉ ላይ የተጠቀለለው የሳል መድኃኒት ብልቃጥ ነው፣ ታጥቦ ማር የተሞላ።

«ለገለኔ» አለች።

«ተቀብያለሁ» አልኳት።

መኪናው ውስጥ ስመለስ እትዬ መንበረ ከስንት ቀን በኋላ በራሷ አፍ አናገረችኝ፤ አደራ አንይዝም ተባብለን አልነበረም ወይ፣ አለች። የያዝኩት እኔ ነኝ አልኳት። ቦርሳዬ ጢም ብሎ ሞልቶ ስለነበር፣ ኑኃሚን የራሷ ቦርሳ ውስጥ አልገባ ብሏት ማታ የእኔ ውስጥ የወሸቀችውን ባለተረከዝ ጫማ አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላትና ነጠላውን በቦታው ከተትኩ።

ጫማውን ተቀብያለሁ አላልኩም ነበር።