ለዛሬ ብቻ

የእህቴ ባል ያየውን ሁሉ ካልፈታሁ የሚል ሰው ነው። መኪናው ተንቀጠቀጠች ብሎ ካንዴላ ቀየረ፤ አልተሻላትም። የነዳጅ ፓምፕ ቀየረ፤ ጭራሽ ባሰባት። ጎረቤት የነገረውን፣ ስልክ ላይ ያየውን ሁሉ ሞከረባት። እኔ የሃያ ዓመት መካኒክ እዚሁ ተቀምጬ! ሲያስጠላ!

ዛሬ ሲጨንቀው እያነከሰች ጋራዤ አመጣት። አባታችን ጋቢና ተቀምጠዋል፤ በአራት ሰዓት የኩላሊት እጥበት አላቸው። ባለፈው ሳምንት መኪናዋ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሞተሯ ጠፍቶ ተራቸው አለፈ፤ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲሰቃዩ ሰነበቱ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይትና አቧራ ተጋግሮ፣ ጥጉ ላይ የአይጥ በጠጥ ተከምሯል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ይርገፈገፋል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይስተካከላል። ይሄ የካንዴላ ጣጣ አይደለም፤ በሆነ ቀዳዳ አየር እየገባበት ነው። ከኋላ በኩል ቀጭን ፉጨት ሰማሁ፤ ውሃ ብረጭበት የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። እጄን ሰድጄ አንዲት የጎማ ቱቦ ነቅዬ አወጣሁ። ስንጥቋ ላይ የታኘከ ማስቲካ ተለጥፏል፤ የጠቆረ፣ ፀጉር የያዘ፣ የጥርስ ምልክት ያለበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ አታፍርም? ምራቅህን ሞተር ላይ ትለጥፋለህ? አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ!»

«ኧረ እኔ አይደለሁም» አለ የእህቴ ባል።

«ታዲያ ማነው? አይጧ አኝካ ነው የለጠፈችው?»

አባባ በመስኮቱ ብቅ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ተው ልጄ። ያኔ ለመጀመሪያው እጥበት በዚችው መኪና ስትወስደኝ መንገድ ላይ ቆመችብን አይደል? ማስቲካህን ከአፍህ አውጥተህ ለጠፍክባት። ‹ለዛሬ ብቻ ነው አባባ፣ ነገ በአዲስ እቀይራታለሁ› አልከኝ።»

ሁለት ዓመት አልፎታል። ረስቼዋለሁ፤ ጭራሽ ከአእምሮዬ ጠፍቷል።

የእህቴ ባል ማስቲካውን በሶፍት ጠቅልሎ ጣለና ከመደርደሪያው አዲስ ቱቦ አቀበለኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሞተሩ ሲነሳ ላዩ ላይ ያስቀመጥኩት መፍቻ እንኳ አልተነቃነቀም።

አባባ ያበጠ እግራቸውን እያሻሹ፣ «ችግሯ ይቺው ቱቦ ብቻ ነበረች?» አሉ።

አፌ መረረኝ። ምራቄን ልተፋ ብዬ የእህቴን ባል አየሁና መልሼ ዋጥኩት።