የወይዘሮ ሃይድሩን ግመል

እኛ ጋ የሚመጣ ሰው ምንም ላለመሥራት ነው የሚመጣው፤ ለዚህም ሲል ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል። ፎጣውን አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ እየሮጠ ለውሃው የቀረበውን መጋደሚያ ይይዝና ተመልሶ ይተኛል። ሪዞርታችን በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከማርሳ አለም ከተማ በስተደቡብ፣ በረሃው አስፋልቱን ተሻግሮ ባሕር ውስጥ እግሩን የሚነክርበት ቦታ ላይ ነው። ሁለት መቶ አርባ ክፍልና መቶ ዘጠና መጋደሚያ አለን። ስለዚህ እዚህ እረፍት ቀልድ አይደለም።

እኔ ኒርሚን እባላለሁ፤ የካይሮ፣ የሹብራ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ጀርመንኛ ተምሬ፣ በትርጉም ትምህርት ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ፣ ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ «ባሕሩ ጨው በዛበት» የሚሉ እንግዶችን አቤቱታ እቀበላለሁ።

ሁላችንም አጎት የምንለው ግመል ነጂው ከራር ግን የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ከአባብዳ ጎሳ። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀጭን፣ በነጭ ጀለቢያው ላይ ጥቁር ሰደርያ የሚደርብ። ሻህባ የምትባል አመድማ ግመል አለችው። ከጠዋት እስከ ማታ በውሃው ዳር እንግዳ ጭኖባት ይመላለሳል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የልቡን የሚያወራው ለሻህባ ነው። የሟች ሚስቱ ወንድም ኢድ፣ እዚያው በዘንባባ ዳሱ ሥር ሻይ የሚያፈላው፣ «እህቴን እንደዚህ አዋርቷት ቢሆን ኖሮ በሕይወት ትኖር ነበር» እያለ ይተርበዋል።

በእኛ ዘንድ የሰው ነገር ካደነቅህ ባለቤቱ «እንካ፣ ያንተ ነው» ይልሃል። አንተ «ከባለቤቱ ጋር ነው የሚያምረው፤ አላህ ያቆይልህ» ትላለህ። «ወላሂ ትወስዳለህ!» ይላል። «ወላሂ አልወስድም!» ትላለህ። ከዚያ ሁለታችሁም ወደ ሥራችሁ። እኔ ራሴ በዚህ መንገድ አንድ አፓርታማ፣ ሁለት መኪናና አንድ የሙሽራ ቀሚስ ተሰጥቶኛል፤ አሁንም የምኖረው በሠራተኞች ማደሪያ ነው። አጎት ከራርም ሻህባን እኔ እንኳ ሳውቀው መቶ ጊዜ ሰጥቷታል። ለጣሊያኑ ጠላቂ፣ ከአስዋን ለመጣው ዳኛ፣ ለእኔም ጭምር። ሲመሽ ይዟት ቤቱ ይገባል።

እሁድ ጠዋት ወይዘሮ ሃይድሩን መጣች። ከዶርትሙንድ ነች፣ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት፣ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ያደረገች። ሻህባ ፊት ቆመችና በጀርመንኛ፣

«እንዲህ ያለች ውብ ፍጡር በሕይወቴ አላየሁም» አለች።

ተረጎምኩ። አጎት ከራር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«እንኪ፣ ያንቺ ናት።»

እሱንም ተረጎምኩ። ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁ ነኝና አንዲት ቃል አልጣልኩም። ሴትየዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ባሕሩን አየች፣ ግመሏን አየች፣ እኔን አየች።

«የምሩን ነው?»

«ወላሂ ትወስጃለሽ!» አለ አጎት ከራር ተራውን ጠብቆ።

ሃይድሩን በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲያው በታላቅ አክብሮት እቀበላለሁ።»

ኢድ ሻይ እየቀዳ ነበር። ብርጭቆው ሞልቶ፣ ሳህኑ ሞልቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ይፈስስ ጀመር።

«ምን አለች?» አለኝ አጎት ከራር።

«ተቀበለች።»

«ምኑን?»

«ሻህባን።»

አጎት ከራር ገመዱን ከእጁ ላይ ፈታና በሁለት እጁ አቀረበላት። ወደ ዳሱ ሲመለስ ተከትዬ ሮጥኩ።

«ላስረዳት አጎት ከራር? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ምን ብለሽ? ከራር የሰጠውን መልሶ ዋጠ ብለሽ? ይሄ ኢድ እዚህ ተቀምጦ?»

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለ ኢድ።

«አንተማ ጆሮ አለህ፤ ጆሮህ ደግሞ አፍህ ላይ ነው የተገጠመው።» ወደ እኔ ዞረ። «ስሚ ዶክተሯ፤ አንዲት ቃል ብትነግሪያት በአንቺ አፍ እኔ ለመንኩ ማለት ነው። እንዳትሞክሪው!» (ዶክትሬት የለኝም። እዚህ መነጽር ያደረገ ሁሉ ዶክተር ነው።)

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጃችን ኡስታዝ መድሐት (ኡስታዝ እዚህ አቶ እንደማለት ነው) ቢሮው አስጠራኝ። ከፊቱ የመመሪያ ጥራዝ ተዘርግቷል።

«ኒርሚን፣ ይቺ ግመል የማን ናት?»

«እስከ ጠዋት የከራር ነበረች። አሁን የክፍል 214 ናት።»

«የከራር ስትሆን ሠራተኛ ናት፤ ችግር የለውም። የ214 ስትሆን ግን የእንግዳ የቤት እንስሳ ናት። የእንግዳ እንስሳ ከአምስት ኪሎ መብለጥ የለበትም።» ቀና አለ። «ስንት ኪሎ ትሆናለች?»

«አምስት መቶ ቢሆን ነው።»

«በልጧል» አለ፤ በጥንቃቄም ጻፈው። «እስከ ሐሙስ ከግቢው ትውጣ።»

ሃይድሩን ይሄንን ስነግራት አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ሦስት ቀን ስልክ ላይ ውላ ካይሮ አጠገብ አንድ የእንስሳት መጠለያ አገኘች፤ ሐሙስ ጠዋት የጭነት መኪና ይልካሉ። እስከዚያው ድረስ ሻህባ ሰው እንዳትጭን ታዘዘ። አንገቷ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በሩሲያኛ «እረፍት ላይ ነኝ» የሚል ካርቶን ተንጠለጠለላት። ምግብ ቤት ጎራ የሚሉ እንግዶች ሐብሐብ ያመጡላታል፣ ሰላጣ ያመጡላታል። ሰኞ ዕለት የሃይድሩንን ባርኔጣም በላች።

አጎት ከራርም ሥራ ስላልነበረው ሃይድሩን አጠገቧ መጋደሚያ ያዘችለት። ለእሱ ብላ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ፎጣ አነጠፈች። እምቢ ማለት ነውር ሆነበትና ከነጫማው ተጋደመ። አሳላፊው ባለወረቀት ጃንጥላ የማንጎ ጭማቂ አመጣለት። ጃንጥላዋን አንስቶ ዘረጋ፣ አጠፈ፣ ዘረጋ።

«ዶክተሯ፣ አሁን ምንድነው የሚደረገው?»

«ምንም። ባሕሩን ታያለህ።»

«አየሁት።»

«እንደገና ታየዋለህ።»

«ሰዎቹ ለዚህ ነው ከጀርመን የሚመጡት?» ጃንጥላዋን አጠፈ። «ምን አጥፍተው ነው?»

ሐሙስ እየቀረበ ሲመጣ ግን ቀልዱ ሁሉ ተነነ። ማክሰኞ ሻህባ ከሩቅ አይታው ስትጣራ ፊቱን ወደ ባሕር አዞረ። ምሳ አልበላም። ኢድ እንኳ መተረቡን ተወ፤ ሻይ አምጥቶለት አጠገቡ ተቀመጠ።

ረቡዕ ጠዋት አጎት ከራር ጺሙን ተላጭቶ፣ ጀለቢያውን አስተኩሶ መጣ። ዓይኑ ውስጥ ዘዴ ይታያል። ሃይድሩን ፊት ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተርጉሚ። እንዲህ ያለች ግመል በዚህ ባሕር ዳር የለችም በያት።»

ገባኝ። እሷ «እንካ፣ ያንተ ናት» እንድትለው ነው። ፈጥኜ ተረጎምኩ።

«በጣም አመሰግናለሁ!» አለች ሃይድሩን።

አጎት ከራር አልተበገረም። የሻህባን ዓይን አደነቀ። አንገቷን ሲያደንቅ ሁለት ጊዜ በግጥም ሆነበት። ጉልበቷን፣ ሽፋሽፍቷን፣ ውሃ አጠጣጧን፣ ሽንቷ ሳይቀር ከሌላ ግመል ሽንት እንደሚሻል አስረዳ። በሄደበት ሁሉ ተከትዬ ተረጎምኩ፤ ላብ አጠመቀኝ።

«እንዴት ደግ ሰው ነው!» አለችኝ ሃይድሩን ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «የሰጠው ነገር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ እንዳልዘነጋ ነው። ንገሪው፤ በሚገባ ገብቶኛል።»

ነገርኩት። አጎት ከራር መጋደሚያው ላይ ዘፍ አለ።

«ይቺ ሴትዮ ድንጋይ ናት» አለ።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት መኪናው መጣ። ሾፌሩ ቢያባብል፣ ቢጎትት፣ ቢሳደብ ሻህባ ንቅንቅ አልል አለች። የማንንም ትእዛዝ አትሰማም፤ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው የምታውቀው። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። አጎት ከራር ቀስ ብሎ ሄደና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ «ኢኽ፣ ኢኽ» አላት። ወዲያው ተንበረከከች። ሾፌሩ ገመዱን በእግሯ ዙሪያ ሊያዞር ሲል አጎት ከራር እጁን ያዘው።

«ቆይ።» ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ዶክተሯ፣ ነይ ተርጉሚ» አለ። «ቃል በቃል። አንዲት እንዳታሳምሪ።»

ኢድ ከዳሱ ወጥቶ ቆሟል። አሳላፊዎቹ ቆመዋል። ኡስታዝ መድሐት ጥራዙን እንደያዘ ቆሟል።

«ያንቺ ናት ያልኩት ለወግ ነው። ልሰጥሽ አልነበረም» አለ አጎት ከራር። ድምፁ ቀጠነ። «ግመሌን እፈልጋለሁ። እባክሽ መልሺልኝ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ በመጨረሻዋ ላይ ግን የእኔም ድምፅ ቀጠነ።

ሃይድሩን መጋደሚያዋ ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጇን ፀጉሯ ውስጥ ከተተች።

«አምስት ቀን!» ብላ ጮኸች። «አምስት ቀን እንቅልፍ አልተኛሁም! እኔ ግመል ምን ያደርግልኛል? የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው! የጉዞ መጽሐፉ፣ ገጽ አርባ ሁለት፣ የበረሃ ሰው ስጦታ ሲሰጥህ እምቢ ካልክ ሞቱ ነው ይላል! ሊሞትብኝ ነው ብዬ ነው የተቀበልኩት!»

ስተረጉም ሳቄ አፈነኝ፤ አጎት ከራር ደጋግሜ እንድለው አስገደደኝ።

«ታዲያ ትናንት ያን ሁሉ ስለፈልፍ?»

«ብመልሳት ቅር ይለዋል ብዬ!»

ገመዱን አንስታ ልክ እሱ እንዳደረገው በሁለት እጇ አቀረበችለት። «ወላሂ ትወስዳለህ» አለች፤ በአረብኛ፣ በራሷ አፍ። እሱ ግን ወግ የሚባለውን ሁሉ ረስቶ አንዴም ሳይግደረደር ከእጇ ቀማት።

«እና እኔ ማንን ልጫን?» አለ ሾፌሩ። ኡስታዝ መድሐት እዚያው ቆሞ፣ ሻህባ ከእንግዳ እንስሳነት ወደ ሠራተኛነት ስለምትመለስበት አንቀጽ ገጽ ይገልጥ ነበር። ሃይድሩን የማናቸውንም መልስ አልጠበቀችም፤ ፎጣዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተጋደመች፣ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜም አንኮራፋች።

አጎት ከራር ኮርቻው ላይ ወጥቶ ሻህባን ወደ ውሃው ዳር መለሳት። ኢድ መቼም ዝም አይልም፤ ከዳሱ ሆኖ እጁን እንደ መለከት አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«ከራር! የሰጠኸውን ለመንክ አይደል! ፀሐይ ሳትጠልቅ እስከ ሻላቲን ድረስ አንተን ነው የሚያወሩት!»

«ያውሩ!» አለ አጎት ከራር፤ ወደ ኋላው እንኳ አልዞረም። «እኔ ግመሌ ላይ ሆኜ እሰማቸዋለሁ!»