የማሾው ጆንያ

ልጄ ዓሪፍ ስድስት ዓመቱ ነው። ጉንጩን ከሳሙት በእጅጌው ይፈገፍገዋል፤ ኮሌታ አንገቱን ከነካው ሸሚዙን አውልቆ ይጥላል። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድማ አያድርስ ነው፤ ጆሮውን ይዞ ራሱን ከግድግዳ ያላትማል። የከተማችን የመርሳ ሰው ደግሞ ምክር አይቸግረውም። አንዷ «ቅብጠት ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «ዓይን በልቶታል»። ዱዓ አስደርጌለታለሁ፤ ወልድያ ሐኪም ዘንድም ወስጄዋለሁ። ሐኪሙ «ድምፅና ንክኪ ይበዛበታል፤ ጠበቅ አድርገሽ ስትይዢው ይቀለዋል» አለኝ።

እኔ እህል ቸርቻሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ታቅፌው ልዋል? ትንሽ ጆንያ ውስጥ ማሾ ጨምሬ፣ አፉን ሰፍቼ፣ ሲብስበት እግሩና ጭኑ ላይ አደርግለታለሁ። ወዲያው ጸጥ ይላል። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ግን በሬን ዘግቼ ነው።

አማቴ እትዬ ዓቢዳ ሳይነግሩኝ ከሐራ የመጡ ለታ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልጁን ከነጆንያው ሲያዩት፣ «ያ አላህ! ልጁን በቁሙ ቀበረችው!» ብለው ጎረቤቱን ሰበሰቡት። ጆንያውን አሽቀንጥረው ጣሉና ለባሌ ለጀብሪል ደወሉ። እሱ ሹፌር ነው፣ ሩቅ ነበር። «እስቲ ለጊዜው እናቴ ጋ ይሂድ» አለኝ። እናቱ ከተናገሩ የኔን ቃል ማን ይሰማዋል? በነጋታው ይዘውት ሊሄዱ ሆነ። ልብሱን አጣጠፍሁለት፤ ኮሌታ የሌላቸውን ብቻ። እንባዬ አላቆም አለኝ።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ ወረደ። ዓሪፍ ጮኸ። ብድግ ስል፣ «አንቺ አትንኪው!» አሉኝ። ተመልሼ በርጩማው ላይ ቁጭ አልሁ። ሳሙት፤ ባሰበት። ጀርባውን ዳበስ ዳበስ ቢያደርጉት ነከሳቸው። «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያሉ በእርጥብ እጃቸው ፊቱን ቢያብሱት ዘሎ ወደ ግድግዳው ሄደ። ይኼኔ ተነሥቼ መዳፌን በግድግዳውና በራሱ መሃል አስገባሁ። ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም፤ እልህ ይዞኛል።

«ኧረ በአላህ! ምን ቆመሽ ታዪያለሽ? አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!»

«አንቱ አይደሉ የሚያሳድጉት?» አልኋቸው። «ጆንያው ያውልዎት።»

ጆንያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ በገዛ እጃቸው ጎትተው አመጡና እግሩ ላይ አደረጉት። ዓሪፍ ወደ ራሱ ሳበው፤ ትንፋሹ ረገበ። ዝናቡ እንደሆነ አላባራም።

«አሁን ላንሣለት?» አሉ በሹክሹክታ።

«ይተዉት። ሲበቃው ራሱ ይገፋዋል።»

ከጎኑ ተቀመጡ። ሊስሙት ጎንበስ አሉና ተዉት።

ጠዋት ብቻቸውን ሄዱ። በሳምንቱ የሐራ ሚኒባስ ረዳት አንድ ጆንያ ማሾ ደጄ ላይ አወረደልኝ። ካስለመድሁት ተለቅ ይላል፤ አፉ በእጅ ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል።

«አሮጊቷ ልከውልሽ ነው» አለኝ። «ልጁ እያደገ ነው፣ የፊተኛው ይቀለዋል ብለዋል። አደራ፣ እንዳትሸጪው።»