የሚጢ የደም ውጤት

ማክሰኞ ጠዋት ከእናቶች ክፍል ወደምሠራበት ላቦራቶሪ አሥራ አራት የደም ቱቦዎች መጡልኝ። ሰባተኛውን አንስቼ የተጻፈበትን ስም ሳነብ ክው አልኩ። የባሌ ታናሽ እህት ናት፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን ከእሱ ሰምቻለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ ሚጢ ነው የሚላት፤ እኔ ግን በምንም ስም ከጠራኋት ሦስት ዓመት አልፎኛል።

የተኳረፍነው እዚሁ የምሠራበት ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ያጣሁ ጊዜ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ግፊቴ ደህና ነው ተብዬ ነበር። አንድ ቀን ላቦራቶሪ ቆሜ ራሴን ፈለጠኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ስነቃ አልጋ ላይ ነኝ፤ ሆዴ ባዶ ነው። የእርግዝና ደም ግፊት ነው አሉ፤ እንዲህ ሳይታሰብ ዱብ ይላል አሉ። በሩ ገርበብ እንዳለ ሚጢ ኮሪደሩ ላይ ለወንድሟ ስትነግረው ሰማኋት፤ «ቀኑን ሙሉ ማሽን ፊት ተገትራ ከምትውል አርፋ ብትቀመጥ ኖሮ ልጅቷ ትተርፍ ነበር።»

አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከዚያ ወዲህ ግን እሷ ያለችበት ቤት ድርሽ ብዬ አላውቅም። ባሌም መሀል ገብቶ ለማስታረቅ ሲል ሲል ታክቶት ተወው።

አሁን ለሚጢ የታዘዘው ምርመራ ያኔ እኛ ጋ አልነበረም፤ ከመጣ ስድስት ወሩ ነው። ፅንሱ ከዕድሜው አነስ ካለ ወይም ሐኪሙ ከተጠራጠረ ይታዘዛል። የእንግዴ ልጁ ሲቸገር ወደ እናትየው ደም የሚለቀው አንዱ ፕሮቲን ይበዛል፤ የደም ሥር የሚያሳድገው ሌላው ፕሮቲን ደግሞ ያንሳል። ማሽኑ አንዱን ለሌላው አካፍሎ ቁጥር ይሰጠናል። ከሠላሳ ስምንት በታች ከሆነ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እፎይ ይባላል። ከሰማንያ አምስት ካለፈ ግን፣ እናትየው ምንም ሳይሰማት፣ ግፊቷም ገና ሳይነሳ፣ ሕመሙ እየመጣ ሊሆን ይችላል።

ማሽኑ አሥራ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። አሥራ ስምንቱንም ደቂቃ ቆሜ ጠበቅኩ። መቶ ሃያ አንድ። ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። መቶ አሥራ ዘጠኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ቀድሞ የመጣብኝ ድንጋጤ አልነበረም። «እስቲ አሁን ደግሞ ማን ላይ ታሳብባለች!» የሚል ሐሳብ ነው። ወዲያው በራሴ አፈርኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ምርመራውን ላዘዘው ዶክተር ደወልኩ።

ማታ ራት ቀርቦ ባሌ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኩት። የታካሚ ምስጢር ነው፤ የገዛ እህቱ ብትሆንም።

በማግስቱ ዶክተሩ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። «ነርሷ ሁለት ጊዜ ደወለችላት። ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ በወሩ እመጣለሁ አለች። ግፊቷ ስንለካው ደህና ስለነበር አላመነችንም። መቼም አስሬ አላመጣት!»

«የባሌ እህት ናት፤ ልሂድ?»

«እንድትመጣ ብቻ ንገሪያት። ሌላውን እኔ አስረዳታለሁ።»

ሚጢ ፀጉር ሠሪ ናት። በምሳ ሰዓት ስገባ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሌላዋ ደንበኛ ቢጎዲን እየተጠቀለለላት ነው። ሚጢ በመስታወቱ አየችኝ። እጇ ሥራውን አላቆመም። ቀለበቷን አውልቃ ከአንገት ሐብሏ ጋር አንጠልጥላዋለች፤ ጣቶቿ አብጠዋል።

«ወንድሜ ምን ሆነ?» አለችኝ፤ ሌላ ምን ያመጣኛል!

«እሱ ደህና ነው። ዶክተሩ ይፈልግሻል። ዛሬውኑ ሂጂ።»

«ነግሬያቸዋለሁ። ምንም አልሆንኩም።»

«ሚጢ፣ ደምሽን ያየሁት እኔ ነኝ። ግድ የለሽም፣ ተነሺ።»

ማበጠሪያውን አስቀመጠች። «አንቺ ነሻ! እኔም እኮ እላለሁ፣ ከሰው ሁሉ ለይተው እኔን ምን ያስደውላቸዋል? ያንቺ እንዲደርስብኝ ነው አይደል የምትመኚው?»

«እኔም ደህና ነበርኩ» አልኳት። «ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ደህና ነሽ ብለውኛል። ደህና ነበርኩ እኮ!»

ካስክ ውስጥ ያሉት ሴትዮ የማድረቂያው ጩኸት ጆሯቸውን ደፍኖት «ምን አለች? ምን አለች?» እያሉ ይጮኻሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እንፈርስ ነበር። ሚጢ ሄዳ በሩን ከፈተችልኝ።

«ሟርትሽን ይዘሽ ውጪልኝ።»

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የእናቶች ክፍል መዝገብ ላይ ስሟን እፈልጋለሁ። የለም። ቁጥሯ ከፍ ያለ ሁሉ እንደማትታመም አውቃለሁ። አንዳንዴ «በባዶ ሜዳ አስደንግጫታለሁ» እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ «ምናለ እግሯ ላይ ወድቄ በለመንኳት» እያልኩ እብሰለሰላለሁ። በአምስተኛው ቀን አላስችል ቢለኝ ባሌን «እህትህን ሐኪም ቤት ውሰዳት፤ ለምን ብለህ አትጠይቀኝ» አልኩት። ሄደ። «ሚስትህ ናት የላከችህ?» ብላ አባረረችው።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። የያዝኩት መቀስ ሁለት ሆኖ ታየኝ።»

«ራስሽንስ?»

«ሊፈነዳ ነው።» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ደንበኛዬን እንኳ አልጨረስኩላትም...»

«ተያት! አሁኑኑ ታክሲ ውስጥ ግቢ። በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

ስትደርስ ግፊቷ መቶ ሰባ በመቶ አሥራ ሁለት ነበር። እንዳያንዘፈዝፋት መድኃኒት በደም ሥሯ ጀመሩላት፤ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌም ወጓት። መርፌው እስኪሠራ ሁለት ቀን ሳትወልድ ብትቆይልን ተባለ። አንድ ቀን ብቻ ቆየች፤ ጉበቷ መታወክ ጀመረና ወደ ቀዶ ጥገና ገባች። በሃያ ስምንት ሳምንቱ ወንድ ልጅ ተወለደ። ክብደቱ ዘጠኝ መቶ ሃያ ግራም። አላለቀሰም።

በሦስተኛው ቀን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ልጇን ላሳያት ወሰድኳት። ማሞቂያው ውስጥ ከነቱቦው ተኝቷል፤ ደረቱ ከላይ ታች ይላል። አተኩራ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ያኔ ኮሪደሩ ላይ ያልኩትን ሰምተሽኝ ነበር፣ አይደል?»

«ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ልክ ነሽ ብዬ ስላመንኩሽ ነዋ።»

ይህን ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ሚጢ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«የኔስ ከመቆም ነው?»

«አይደለም። ያንቺም የኔም ከመቆም አይደለም። የእንግዴ ልጁ ገና ሲተከል የሚጀምር ነገር ነው።»

«ያን ቀን አብሬሽ መጥቼ ቢሆንስ?»

ዶክተሩ ጠዋት ያለኝ ትዝ አለኝ፤ መርፌውን በጊዜ ወስዳ፣ አልጋ ይዛ ብንከታተላት፣ ጥቂት ቀን እንጨምርለት ነበር ብሏል። ምናልባት።

«አላውቅም፣ ሚጢ» አልኳት።

ልጁ ስልሳ አራት ቀን ከሆስፒታል አልወጣም። ሁለት ጊዜ ትንፋሹ ቆሞ መልሰውለታል። አሁን እቤቱ ነው፤ ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። የሚጢም ግፊት እንደወጣ ቀርቶ በየቀኑ ክኒን ትውጣለች። እኔና እሷ እንደ ድሮው አልሆንንም፤ ግን ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር ለኔ ነው የምትደውለው። «አብሬሽ መጥቼ ቢሆንስ» ያለችውን ዳግመኛ አንስተን አናውቅም።

ትናንት የአንዲት ወጣት ውጤት ዘጠና አራት ወጣ። ነርሷ ደውላ «ስልኳ ዝግ ነው» አለችኝ። ጋዋኔን ሳላወልቅ ወደ እናቶች ክፍል ወጣሁና ነርሷ አጠገብ ቆሜ «እንደገና ሞክሪ» አልኳት።